የጆርናል ኤዲተር ማለት ምንድን ነው?

ኤዲተር ሲባል ብዙ ሰው ፊደልና አራት ነጥብ የሚያርም ሰው ይመስለዋል። እሱ ኮፒ ኤዲተር ነው፣ የሚመጣውም ፔፐሩ (የጥናት ፅሁፉ) ካለፈ በኋላ ነው። የጆርናል፣ ማለትም የጥናት ፅሁፎች የሚታተሙበት መፅሔት፣ ኤዲተር የሚባለው ግን አንድ ጥናት ይታተም አይታተም ብሎ የሚወስነውና በውሳኔውም የሚጠየቀው ሰው ነው።

ፔፐር ስትልኩ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ኤዲተር ኢን ቺፉ (ዋናው ኤዲተር) ነው። ርዕሱ ለጆርናሉ ይሆናል ወይ፣ የኤቲክስ ፈቃድ አለው ወይ፣ ከሌላ ቦታ የተገለበጠ ነገር አለበት ወይ ብሎ አይቶ ካልሆነለት ለሪቪወር (ፔፐሩን አንብቦ ለሚገመግም የዘርፉ ባለሙያ) ሳይልክ እዛው ይመልሰዋል፣ ዴስክ ሪጀክሽን የሚሉት ይሄንን ነው። ያማል አውቃለሁ፣ የኔ የመጀመሪያ ፔፐር በሦስተኛው ቀን ሲመለስ እራት አልበላሁም፣ ግን ያንኑ መልስ ስድስት ወር ጠብቆ ከመስማት በብዙ ይሻላል፣ ወዲያው ሌላ ጆርናል ጋ መላክ ይቻላላ።

ካለፈ ለአሶሼት ኤዲተር (ከዋናው ስር ለሚሰራ ኤዲተር) ይሰጣል፣ እሱ ደግሞ ጉዳዩን የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሪቪወሮች ይፈልጋል። ሪቪወሮች አብዛኞቹ ስለማይከፈላቸው አንዱ አይመቸኝም ይላል፣ አንዱ እሺ ብሎ ይጠፋል፣ ስለዚህ ሁለት ወር ዝም ሲሏችሁ ኤዲተሩ ረስቷችሁ ሳይሆን ሰው እየለመነ ሊሆን ይችላል፣ እሱም ብዙ ጊዜ ክላስ የሚያስተምር፣ ተማሪ የሚያማክር ሰው ነው።

አሁን ዋናው ነገር፦ ሪቪወር ይመክራል እንጂ አይወስንም። አንዱ "ይታተም" ሌላው "ይጣል" ቢል ኤዲተሩ ድምፅ አይቆጥርም፣ ራሱ አንብቦ የማን ክርክር እንደሚያሳምን ይለያል። ለዚህ ነው ሪቪወር ተሳስቷል ብላችሁ ካመናችሁ ዝም ብላችሁ ከመቀየር ማስረጃችሁን አስቀምጣችሁ ለኤዲተሩ በጨዋ ቋንቋ መፃፍ ያለባችሁ፣ መብታችሁ ነው።

ሌላው ኃላፊነት ስም አለማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 አይንስታይን ከናታን ሮዘን ጋር ሆኖ የግራቪቴሽን (የስበት) ሞገድ የለም የሚል ፔፐር ፊዚካል ሪቪው ለሚባል የፊዚክስ ጆርናል ላከ፣ ኤዲተሩ ጆን ቴት አይንስታይን ነው ብሎ አላሳለፈውም፣ ለሪቪወር ላከው፣ ስህተት ተገኘበት። አይንስታይን ሳይታተም ለሌላ ሰው አሳዩብኝ ብሎ ተቆጥቶ ፔፐሩን አወጣው፣ በኋላ ግን መደምደሚያውን ቀይሮ ነው ሌላ ጆርናል ላይ ያሳተመው። እኔ ኤዲተር ማለት ይሄ ነው እላለሁ። እኛ ጋ ምሁሩ ሁሉ ስለሚተዋወቅ ነገሩ ይከብዳል፣ የድሮ አስተማሪህ ደውሎ "ፔፐሬን አየት አድርግልኝ" ሲልህ እምቢ ማለት ቀላል አይደለም፣ ግን የጓደኛ፣ የአማካሪ ወይ የራስህ ተማሪ ፔፐር ሲመጣ ለሌላ ኤዲተር አሳልፎ መስጠት ግዴታ ነው።

ስራው ሲታተምም አያልቅም። ላንሴት የሚባለው የህክምና ጆርናል እ.ኤ.አ. በ1998 የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ጥናት አወጣ፣ የተጠኑት ልጆች 12 ብቻ ነበሩ፣ ሙሉ በሙሉ የተሰረዘው ግን በ2010 ነው። በነዚያ 12 ዓመታት ስንት ወላጅ ፈርቶ ልጁን ሳያስከትብ ቀረ። ስህተት ሲጠቆም ቶሎ መመርመር፣ ማረም፣ ካስፈለገም መሰረዝ የኤዲተሩ ስራ ነው።

ፔፐር ልትልኩ ያሰባችሁ በተለይ ገንዘብ የሚጠይቅ ጆርናል ከሆነ መጀመሪያ የኤዲተሮቹን ስም እዩ። አንዳንድ የውሸት ጆርናሎች የሰው ስም ሳያስፈቅዱ ነው የሚለጥፉት፣ ስለዚህ ከዝርዝሩ ሁለቱን መርጣችሁ በዩኒቨርሲቲያቸው ኢሜይል "እውነት እዚህ ጆርናል ላይ ኤዲተር ነዎት ወይ?" ብላችሁ ጠይቋቸው።