«ጥፋቱ የራሱ ነው»፦ በማሽን ስለተጎዱ ሠራተኞች የሚነገሩ ስህተቶች

ማሽን እጁን የያዘው ሠራተኛ ገና ከሆስፒታል ሳይወጣ ፋብሪካው ውስጥ ፍርዱ ያልቃል። «ራሱ ነው እጁን የሰደደው» ይላል ፎርማኑ። የሰው ኃይል ኃላፊው ይደግመዋል። በመጨረሻ ተጎጂውም ያምነዋል። የሠራተኛ ማኅበራትን ሳማክር ሁልጊዜ የምሰማው ይህንኑ ነው፤ ሰልችቶኛል።

«ጥፋቱ የሠራተኛው ከሆነ ካሳ የለም።»

ሐሰት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 96ን አንብቡት። አሠሪው ምንም ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። ሠራተኛው ስለደከመው፣ ስለቸኮለ ወይም ስለተዘናጋ መብቱ አይጠፋም። አሠሪው ነጻ የሚሆነው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው። ሕጉ ሁለት ነገሮችን በተለይ እንደዚያ ይቆጥራል፦ አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስ፣ እና ሰውነቱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ መግባት።

አሠሪዎች የሚንጠለጠሉት በመጀመሪያው ላይ ነው። «ነግረነው ነበር» ይላሉ። ማን ነገረው? መቼ? በሚገባው ቋንቋ? የት ተጽፏል? ግድግዳ ላይ «ተጠንቀቅ» ብሎ መለጠፍ ግልጽ መመሪያ አይደለም።

ፕረስ (ብረት የሚጫን ማሽን) ላይ ሁለት ጣቱን ያጣ ወጣት ጉዳይ ደርሶኝ ነበር። ድርጅቱ «መከላከያውን ሳይገጥም ሠራ» አለ። መከላከያውን ያነሳው ግን ጥገና ክፍሉ ነው። ምርት ያዘገያል ተብሎ፣ በኃላፊ ትእዛዝ። ከዚያ ወዲህ በየፈረቃው ያለ መከላከያ ሲሠራበት የተቆጣ አለቃ አልነበረም። ጣት ሲቆረጥ መመሪያው ትዝ አላቸው። እንዲህ ያለውን ነገር ስሰማ ዛሬም እናደዳለሁ።

«ለጊዜው የሕመም ፈቃድ ውሰድ።»

በፍጹም እንዳትፈርሙ። የሕመም ፈቃድ አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ሁለት ወር ግማሽ፣ ከዚያ ሦስት ወር ያለ ክፍያ ነው። በሥራ ላይ ጉዳት ግን የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ ይከፈላል። ቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ፣ የቀሩት 6 ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ አያንስም። ሕክምናውም፣ ሰው ሠራሽ አካል ካስፈለገም ወጪው የአሠሪው ነው። በአንድ ፊርማ ይህ ሁሉ አደጋ ላይ ይወድቃል።

«ጓንት ካደረግህ ምንም አትሆንም።» ትራፓኖ (መብሻ) እና ቶርኖ (ብረት መቅረጫ) ላይ ተቃራኒው ነው። የሚሽከረከረው ብረት ጓንቱን ከያዘ እጅንም አብሮ ይጎትታል።

«ማሽኑ ጠፍቷል፣ መጠገን ትችላለህ።» ዋናው ማብሪያ ተቆልፎ ቁልፉ ጠጋኙ ኪስ ውስጥ ካልሆነ ሌላ ሰው መጥቶ ያበራዋል። የታመቀ አየርም ካልወጣ ማሽኑ መብራት ሳይኖረው ይንቀሳቀሳል።

«ሰርቪስ ላይ የደረሰ አደጋ የሥራ አይደለም።» የሥራ አደጋ ነው። መኪናው የድርጅቱ ወይም ድርጅቱ የተከራየው ከሆነ በቂ ነው።

አሁን ስሙኝ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ። አደጋ ሲደርስ በዚያው ቀን የማሽኑን ፎቶ አንሱ። መከላከያው በማግስቱ ተገጥሞ ታገኙታላችሁ። ያዩትን ሰዎች ስም ጻፉ። ሐኪሙ ካርዱ ላይ ጉዳቱ ሥራ ላይ የደረሰ መሆኑን እንዲጽፍ ጠይቁ። የአደጋ ሪፖርቱን ቅጂ ውሰዱ። ድርጅቱ እምቢ ካለ በአካባቢያችሁ ላለው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አመልክቱ።

ጊዜውንም ቁጠሩ። ከሥራ ካባረሯችሁና መመለስ ከፈለጋችሁ ያላችሁ 3 ወር ብቻ ነው። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና ሌላ ክፍያ በ6 ወር ውስጥ ይጠየቃል። ሕጉ የተለየ ጊዜ ያላስቀመጠለት ሌላ ጥያቄ በ1 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል። «እንስማማለን፣ ትንሽ ታገሥ» የሚል አለቃ ካለ እየተነጋገራችሁም ቢሆን ክሱን አስገቡ።