ጋሻ ተኩል መሬት አለ፣ ውሃውስ?

እዚህ አሜሪካ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ስልኬም መጮህ ይጀምራል። «ጋሼ፣ ሚኒያፖሊስ አንድ ቤት በሚገዛበት ገንዘብ ኖርዝ ዳኮታ ጋሻ ተኩል መሬት አገኘን። በግ፣ ዶሮ፣ ጎመን፤ ከሱቅ መገላገላችን ነው። ካውንቲው (ወረዳው) እንዴት ነው?» እኔን የሚጠይቁኝ ከጉድጓድ ቆፋሪዎች ጋር ስለምሠራ ነው። ስለ ውሃ ስነግራቸው ግን ይሰለቻሉ። የሚሉኝና የምመልስላቸው ይሄ ነው።

«መንግሥት በነፃ ይሰጣል።» ይሰጥ ነበር። የ1862ቱ ሕግ 160 ኤከር (65 ሄክታር ገደማ) ይሰጥ ነበር፤ በ1976 ቀርቷል። በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

«ከሥሩ ያለውም የኛ ነው።» ብዙ ቦታ የነዳጁ መብት የሌላ ሰው ነው። ሰነዱን አስመርምሩ።

«ብርዱን እንለምደዋለን።» በ1936 ፌብሩዋሪ ፓርሻል ከተማ ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ፣ በዚያው ዓመት ጁላይ ስቲል ከተማ 49 ዲግሪ ሙቀት ተመዝግቧል። እናንተ ትለምዱት ይሆናል። ቲማቲም ግን ውርጭ የማያገኘው አራት ወር ገደማ ብቻ ነው።

«እኛ አገር ግማሽ ሄክታር ቤተሰብ ያበላል፣ 65 ሄክታርማ!» በምዕራቡ በኩል በዓመት የሚዘንበው 380 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስሎፕ ካውንቲ በ1920 አምስት ሺህ ያህል ሰው ነበረው፤ በ2020 ቆጠራ 706 ቀረ። የሄዱት ሰነፎች አልነበሩም፤ በዚያ ሜዳ እንጨት ሲያጡ ኩበት እያነደዱ የኖሩ ናቸው።

«ውሃው ተመርምሯል፣ ይጠጣል።» ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው። አንድ ወዳጄ 40 ኤከር ገዝቶ ከ300 ሜትር በላይ አስቆፈረ። ውሃው ሲወጣ ሚስቱ እጇን ታጠበች፤ የሳሙናው አረፋ አልለቅ አላት። «እንዴት ያለ ለስላሳ ውሃ ነው!» ብላ ቡና አፈላችበት። ቡናውም ክፉ አልነበረም።

በሁለተኛው ዓመት የጎመኑ ጠርዝ ተቃጠለ። አፈሩ ሲደርቅ እንደ ምጣድ ጠጠረ፤ ያጠጡት ውሃ አልሰርግ ብሎ ላዩ ላይ ተኝቶ ይውላል። ውሃውን ያለሰለሰው ሶዲየም (በገበታ ጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር) ነዋ! የሸክላውን አፈር ቅንጣት በትኖ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ሰው የሚጠጣው ውሃ ሁሉ ጓሮ አያጠጣም። ስለዚህ ስታስመረምሩ «ለመጠጥም ለመስኖም» በሉ፤ የሶዲየሙን ምጥጥን፣ ማለትም ሶዲየሙ ከካልሲየሙና ከማግኒዚየሙ ጋር ሲነጻጸር ስንት እንደሆነ፣ ያወጡላችኋል። ከመግዛታችሁ በፊት ጎረቤት ሄዳችሁ ጓሯቸውን በምን እንደሚያጠጡ ጠይቁ። የገጠር ውሃ መስመር በአጠገቡ ያልፍ እንደሆነ፣ ከመስመሩ ጋር ለመገናኘት ስንት እንደሚያስከፍልም ጠይቁ። ቧንቧው እንዳይቀዘቅዝ ሁለት ሜትር ገደማ መቀበር አለበት፤ ቁፋሮው በነፃ አይደለም። በረዶ ሲወርድ የመንገዱን የመጨረሻዋን ኪሎ ሜትር ማን እንደሚጠርግም መጠየቅ እንዳትረሱ።

ወዳጄ አሁን ጎመኑን የሚያጠጣው ከጣራው በሚያጠራቅመው ዝናብ ነው፤ የደረሰውን ያህል። በጎቹ ግን የጉድጓዱን ውሃ ጠጥተው ሰቡ። ለፋሲካ አንድ ሙክት ልኮልኝ ነበር።