«ጉልበት መቀየር» ሲባል ምኑ ነው የሚቀየረው?

ባሕር ዳር ላይ «ጉልበት ይቀየርልህ» የተባለ ሰው መገጣጠሚያው ከነአጥንቱ ተነቅሎ የሚወጣ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። የሚነሣው ያለቀው ገጽ ነው፤ ከጭንና ከቅልጥም አጥንት ጫፍ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያህል። የጎን ጅማቶቹ ይቀራሉ። የጭኑ ጫፍ ብረት ይለብሳል፣ ቅልጥሙ ላይ የብረት ሳህን ይቀመጣል፣ በመካከላቸው ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል።

«በሮቦት ይቀየራል» የሚለው ቃል ደግሞ የባሰ ያደናግራል። ሮቦቱ ብቻውን አይሠራም። መጋዙ ከታቀደው መስመር እንዳይወጣ ይይዛል እንጂ የሚቆርጠው ሐኪሙ ነው። አቆራረጡ ይስተካከላል፤ ከዓመታት በኋላ ግን በታካሚው አረማመድ ላይ ጎልቶ የታየ ልዩነት የለም። ሮቦት ፍለጋ ጥሪት ከማሟጠጥ፣ ይህን ቀዶ ጥገና ደጋግሞ የሠራ ሐኪም መፈለግ ይሻላል።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከወንበር በቀላሉ ለመነሣት ጉልበቱ ከ90 ዲግሪ በላይ መታጠፍ አለበት። ዱካ ላይ መቀመጥና ቁጢጥ ማለት ከዚያም ይበልጣል፤ ብዙዎች እዚያ አይደርሱም። ለስግደት መንበርከክ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ባይከለከልም ይቆረቁራል፤ ወፍራም ምንጣፍ ይነጠፍ።

ቤት ውስጥ የሚበዛው ስሕተት ለምቾት ሲባል ከጉልበቱ ሥር ትራስ ማድረግ ነው። እግሩ ታጥፎ ይደርቅና ቀጥ ማለት ያቅተዋል። ትራሱ ከተረከዝ ሥር ይሁን።

ቁስሉ ፈሳሽ ካወጣ ወይም ጉልበቱ ከቀላና ካተኮሰ፣ ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ገዝታችሁ አትዋጡ። ኢንፌክሽኑን ይሸፍነዋል፤ ናሙና ሲወሰድም ጀርሙ ላይገኝ ይችላል። በዚያው ቀን ወደ ቀዶ ሐኪሙ ሂዱ።