ስለ አኒሜና ማንጋ በብዛት የሚደጋገሙ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሰሞኑን አይቼ የጨረስኳቸው አኒሜዎች (የጃፓን አኒሜሽኖች) እና እያነበብኳቸው ያሉት ማንጋዎች (የጃፓን የሥዕል ታሪኮች) እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ አይደሉም። ፍሪረን ከሺህ ዓመት በላይ ስለ ኖረች አስማተኛ፣ ቪንላንድ ሳጋ በቫይኪንጎች ዘመን ስለ ነበረ ወጣት ተዋጊ፣ ቦቺ ዘ ሮክ ሰው ፊት መቆም ስለሚያስፈራት ጊታር ተጫዋች፣ ሺሮባኮ ደግሞ ስለ አኒሜ ሠሪዎች ስለ ራሳቸው ይተርካሉ። ስለ እነዚህ ሥራዎች ከሌሎች ወዳጆች ጋር ስነጋገር ግን የምሰማው ፍርድ ብዙውን ጊዜ ያው ነው፤ ምንጩም ሥራው ራሱ ሳይሆን የተለጠፈበት ስም፣ ወይም እንዴት እንደሚዘጋጅ አለማወቅ ነው። ዓመታቱን በሙሉ የጻፍኳቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አንዳንድ ቦታ የታሪኩን ሂደት ስለምገልጽም ገና ያላየ ሰው ቢጠነቀቅ መልካም ነው።

«አኒሜ ወይ የልጆች ነው፣ ወይ ድብድብ ብቻ ነው»

ይህ ረጅም መልስ አያሻውም። በጃፓን ከ1969 ጀምሮ በየእሑዱ የሚተላለፈው፣ በዕድሜ ርዝመትም በዓለም ቀዳሚው የቴሌቪዥን አኒሜሽን ሆኖ በጊነስ የተመዘገበው ሳዛኤ ሳን የአንድን ቤተሰብ የዕለት ተዕለት ኑሮ እንጂ ድብድብን አያሳይም። ኢሳኦ ታካሃታ በ1988 ያወጣው ግሬቭ ኦቭ ዘ ፋየርፍላይስ ደግሞ በጦርነት መካከል ያለ አሳዳጊ የቀሩ ወንድምና እህት በረሃብ ሲያልቁ የሚያሳይ ፊልም ነው። ሥዕል ስለሆነ ብቻ ለሕፃን ልጅ የሚከፍት ሰው ካለ አስቀድሞ ራሱ ቢያየው እመክራለሁ።

«ሾነን የታሪክ ዓይነት ነው»

ከሁሉም በላይ ሥር የሰደደው ስሕተት ይህ ይመስለኛል። ሾነን፣ ሾጆ፣ ሴይነን እና ጆሴይ የሚባሉት ስሞች የሚነግሩን ማንጋው የወጣበት መጽሔት በዋናነት ለየትኛው አንባቢ እንደሚዘጋጅ ነው፤ ይኸውም እንደ ቅደም ተከተላቸው ለታዳጊ ወንዶች፣ ለታዳጊ ሴቶች፣ ለጎልማሳ ወንዶችና ለጎልማሳ ሴቶች ነው። ታሪኩ ስለ ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል ደም እንደሚፈስበት ወይም ምን ያህል ጥልቀት እንዳለው ግን ከስሙ አናውቅም።

ፍሪረን ከ2020 ጀምሮ በሳምንታዊው ሾነን ሰንዴይ መጽሔት የሚወጣ በመሆኑ ያለ ጥርጥር ሾነን ነው። ነገር ግን ታሪኩ የሚጀምረው ሌሎች በሚጨርሱበት ቦታ ነው፤ የአጋንንቱ ንጉሥ ተሸንፏል፣ አሥር ዓመት የፈጀው ጉዞ አብቅቷል፣ ጓዶቹም ወደየቤታቸው ሊበተኑ ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ጀግናው ሂመል አርጅቶ ይሞትና ፍሪረን በቀብሩ ላይ ቆማ፣ የሰው ዕድሜ አጭር መሆኑን እያወቀች ይህን ሰው በቅጡ ለማወቅ ለምን እንዳልሞከረች ራሷን እየጠየቀች ታለቅሳለች። ሾነን ማለት የወጣት ጀግና ልምምድና ውጊያ ነው ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይህን ሲያይ ሥራው በስሕተት የተመደበ ይመስለዋል።

የስሙን ትክክለኛ ድርሻ በግልጽ የሚያሳየው ግን ቪንላንድ ሳጋ ነው። የማኮቶ ዩኪሙራ ማንጋ በ2005 ሾነን ማጋዚን በተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ተጀመረ፤ ደራሲው በየሳምንቱ ማድረስ ስለ ከበደውም በዚያው ዓመት አፍተርኑን ወደተባለው ወርኃዊ የሴይነን መጽሔት ተዛወረ። ገጸ ባህርያቱም ታሪኩም እነዚያው ሆነው ሥራው በአንድ ዓመት ውስጥ ከሾነን ወደ ሴይነን ተሻገረ። በተቃራኒው አታክ ኦን ታይታን ጨለማና ጭካኔ ስለ በዛበት ብዙዎች ሴይነን ይሉታል፤ እስከ ፍጻሜው፣ ከ2009 እስከ 2021፣ የወጣው ግን በሾነን መጽሔት ነው። ሾነን በወንዶች ለወንዶች የሚጻፍ ነው የሚለውም አያስኬድም። ሩሚኮ ታካሃሺ ከ1978 ጀምሮ በሾነን ሰንዴይ የጻፈች ሴት ናት፣ የፉልሜታል አልኬሚስት ደራሲ ሂሮሙ አራካዋም እንዲሁ ሴት ናት።

«ውጊያው ከቆመ ታሪኩም ቆሟል»

የቪንላንድ ሳጋ ሁለተኛ ሲዝን በ2023 ሲተላለፍ ብዙ ሰው «ቀርፋፋ ነው» ብሎ ተወው። በእርግጥ ወጣቱ ተዋጊ ቶርፊን በዚህ ሲዝን ባሪያ ሆኖ መሬት ይመነጥራል፣ ጉቶ ይነቅላል፣ ስንዴ ይዘራል፤ ሌሊት ደግሞ የገደላቸው ሰዎች በሕልሙ እየመጡ ያባንኑታል። እኔ ግን ያለዚህ እርሻ መጨረሻው ላይ የሚመጣው ትዕይንት ምንም ክብደት አይኖረውም ባይ ነኝ። ንጉሡን ለማነጋገር መቶ ቡጢ ለመቀበል ተስማምቶ ሳይመልስ የሚቆመው ሰው፣ በመጀመሪያው ሲዝን ቃል ሳይጨርስ ጩቤ ይመዝ የነበረው ያው ልጅ ነው። ፊቱ አብጦ በማይታወቅበት ሁኔታ «ጠላት የለኝም» ሲል የምናምነው ጉቶውን ሲነቅል አብረነው ስለ ቆየን ነው።

«ማንጋው ሁልጊዜ ከአኒሜው ይበልጣል»

ማንጋ አንባቢዎች ይህን ስንል ትንሽ ኩራት አለብን። ቦቺ ዘ ሮክ ግን ለዚህ አባባል ጥሩ ማረሚያ ነው። የአኪ ሃማጂ ማንጋ ባለ አራት ፓነል (የሥዕል ሳጥን) ሲሆን፣ በየአራቱ ፓነል መጨረሻ ላይ ቀልድ እየጣለ ይሄዳል፤ ስለ ሙዚቃ ቢሆንም ሙዚቃው አይሰማም። በ2022 በወጣው አኒሜ፣ አውሎ ነፋስ ባለበት ቀን ጥቂት ሰው ብቻ በመጣበት ኮንሰርት ላይ የቦቺ የሙዚቃ ቡድን የመጀመሪያውን ዘፈን ተደናግጦ ያበላሻል። ከበሮውና ጊታሩ ሳይገጥሙ፣ ዘፋኟም ሳትረጋጋ በጆሯችን እንሰማለን። ከዚያ አንገቷን ደፍታ የቆመችው ቦቺ ማንም ሳይጠይቃት በጊታሯ ብቻዋን ትነሣና ሁለተኛው ዘፈን ይገባል። የሁለቱ ዘፈኖች ልዩነት በወረቀት ላይ ሊነገር ይችላል፣ ሊሰማ ግን አይችልም።

የዚህ አኒሜ ዳይሬክተር ኬይቺሮ ሳይቶ በቀጣዩ ዓመት የፍሪረንን የመጀመሪያ ሲዝን 28 ክፍሎችም መርቷል፤ እዚያም ማንጋው በአጭሩ ያለፈውን የፍሪረን የጉዞ ጓደኞች የፈርንና የስታርክን ዳንስ ወደ ሙሉ ትዕይንት አስፍቶታል። ይህ ማለት ግን አኒሜ ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለት አይደለም። በማንጋ ጊዜው በአንባቢው እጅ ነው፤ የዩኪሙራን አንድ ሰፊ የባሕር ሥዕል የፈለግሁትን ያህል ማየት እችላለሁ፣ አኒሜው ግን በራሱ ፍጥነት አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ፍሪረንን በአኒሜ፣ ቪንላንድ ሳጋን በማንጋ እመርጣለሁ፤ ይህ የእኔ ምርጫ እንጂ ሕግ አይደለም።

«ሥዕሉ የተበላሸው ገንዘብ ስላነሰ ነው»

የአንድ ክፍል ሥዕል ሲዛባ ወዲያው የሚሰማው «በጀቱ አለቀ» የሚል ነው። በአብዛኛው የሚያልቀው ግን ጊዜና የሰለጠነ የሰው ኃይል ነው። አንድ ሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ቢኖረውም በቴሌቪዥን አኒሜ ብዙውን ጊዜ ለሰከንድ የሚሣለው 12 ወይም 8 ሥዕል ነው፤ የቀረው በመደጋገም ይሞላል። ይህ ከ1963ቱ አስትሮ ቦይ ጀምሮ የተለመደ ዘዴ ስለሆነ የጉድለት ምልክት አይደለም። ዋናዎቹን እንቅስቃሴዎች የሚሥሉ አኒሜተሮች አሉ፤ የእነርሱን ሥራ ተከትሎ የሥዕል ዳይሬክተሩ ፊቶቹንና ቅርጾቹን ያስተካክላል፤ በመሃል ያሉትን ሥዕሎች ደግሞ ሌሎች ይሞላሉ። ከነዚህ አንዱ ከዘገየ የሚጨናነቀው ቀጥሎ ያለው ነው፣ የማረሚያው ጊዜም በቅድሚያ ይሠዋል።

ሺሮባኮ ይህን ከማንኛውም ማብራሪያ በተሻለ ያሳያል። ዋና ገጸ ባህርይዋ አዎይ ሚያሞሪ አትሥልም፤ ሥራዋ በሌሊት መኪና እየነዳች ከአኒሜተሮች ቤት ያለቁ ሥዕሎችን መሰብሰብ፣ ያላለቁትን መለመንና የቀረውን ቀን መቁጠር ነው። ገንዘብ ቢጨመርላት እንኳ የሚተላለፍበት ቀን አይራዘምላትም። በቴሌቪዥን ተዛብቶ የታየ ሥዕል ብዙ ጊዜ በዲስክ ሲወጣ ታርሞ የምናገኘውም ሠሪዎቹ ያጡት ጊዜ ስለነበር ነው።

«ሁሉንም የሚወስነው ስቱዲዮው ነው»

ቪንላንድ ሳጋ ከዊት ስቱዲዮ ወደ ማፓ ሲዛወር ሥራው መበላሸቱ አይቀርም የሚል ሥጋት ነበር፤ ዳይሬክተሩ ሹሄይ ያቡታ ግን በሁለቱም ሲዝን ያው ነው። ከስቱዲዮው ስም ይልቅ የዳይሬክተሩንና የአኒሜተሮቹን ስም መከታተል ያዋጣል። ሁለተኛ ሲዝን ለምን አልመጣም ብለው ስቱዲዮውን የሚወቅሱም አሉ። አብዛኛው አኒሜ ገንዘቡን የሚያገኘው የማንጋው አሳታሚ፣ ሙዚቃ ኩባንያ፣ የቴሌቪዥን ጣቢያና ሌሎችም ከሚያዋጡበት የፕሮዳክሽን ኮሚቴ ስለሆነ፣ ስቱዲዮው መዋጮ ከሌለው በክፍያ የሚሠራ ተቋራጭ ነው። ማፓ በ2022 ቼይንሶው ማን የተባለውን አኒሜ ሙሉ በሙሉ በራሱ ወጪ መሥራቱ ትልቅ ዜና የሆነውም ልማዱ ሌላ ስለሆነ ነው።

«ማንጋው የተቋረጠው ደራሲው ሰንፎ ነው»

ሳምንታዊ ማንጋ ማለት በየሰባት ቀኑ ወደ 20 ገጽ የሚጠጋ ታሪክ ጽፎና ሥሎ ማስረከብ ነው። ከ1998 ጀምሮ የሚወጣው የሐንተር ኤክስ ሐንተር ደራሲ ዮሺሂሮ ቶጋሺ ብዙ ይቀለድበታል፤ እርሱ ግን በጀርባ ሕመም የተነሣ ወንበር ላይ ተቀምጦ መሣል እንደ ተሳነው በይፋ ተናግሯል።

በርሰርክን በ1989 የጀመረው ኬንታሮ ሚዩራ በግንቦት 2021 በ54 ዓመቱ ታሪኩን ሳይጨርስ ሞተ። ማንጋው በ2022 የቀጠለው ረዳቶቹ በስቱዲዮ ጋጋ እየሣሉ፣ የታሪኩን ፍጻሜ ከራሱ አፍ የሰማው የረጅም ጊዜ ጓደኛው ኮጂ ሞሪ እየተቆጣጠረ ነው። ሞሪ ገና ከመጀመሪያው፣ ሚዩራ የነገረውን ብቻ እንደሚጽፍና ከራሱ እንደማይጨምር አስታውቋል። አዲሶቹ ምዕራፎች ከቀድሞዎቹ የሳሱ የሚመስሏቸው አንባቢዎች አሉ፣ እኔም አንዳንዴ ይሰማኛል፤ ነገር ግን የሳሱት ሞሪ የማያውቀውን ቦታ በፈጠራ ለመሙላት ፈቃደኛ ስላልሆነ ከሆነ፣ እኔ እንዲህ ሆነው ቢቀጥሉ እመርጣለሁ።