«ራሴን አዞረኝ»፦ የአረጋውያን ራስ ማዞር ከባሕር ዳር ሲታይ

ባሕር ዳር ውስጥ አንድ አዛውንት «ራሴን አዞረኝ» ሲሉ ምርመራው ቡና ሳይፈላ ያልቃል። ልጅ «ግፊት ነው» ይላል። ጎረቤት «የለም፣ ደም ማነስ ነው» ብላ ሎሚ ቆርጣ ታሸትታቸዋለች። በሚያዝያ ፀሐይ ከገበያ የመጡ ከሆነ ደግሞ «ምች ነው፣ ዳማ ከሴ አምጡ» የሚል አይጠፋም። ሁሉም በቅን ልብ ነው። ነገር ግን ማዞር እንደ ትኩሳት ምልክት እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም። ትኩሳት ከወባም ከታይፎይድም እንደሚመጣ ሁሉ፣ ማዞርም ከጆሮ፣ ከልብ፣ ከደም፣ ከነርቭ፣ ከዓይን፣ ከሚዋጥ ክኒንም ይመጣል። በአንድ አረጋዊ ላይ ሁለት ሦስቱ ተደርበው መገኘታቸውም የተለመደ ነው።

ቃሉም ያደናግራል። «አዞረኝ» ስንል ቢያንስ አራት ነገር ማለታችን ነው። አንዱ ጣሪያው፣ ግድግዳው፣ አልጋው ሲሽከረከር ነው፤ ሐኪሞች ቨርቲጎ የሚሉት ይህን ነው። ሌላው ዓይን ጭልም ብሎ ልወድቅ ነው ሲያሰኝ ነው። ሦስተኛው ጭንቅላት ደህና ሆኖ እግር ሲንገዳገድ ነው። አራተኛው ናላ ባዶ ሆነ የሚባለው፣ ለማስረዳትም የሚያስቸግረው ነው።

ታዲያ ሰው የተሰማውን ለይቶ መናገር ይከብደዋል። ዛሬ «ይዞራል» ያለውን ነገ «ይጨልማል» ይለዋል። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም ሁለት ጥያቄ ይጨምራል፦ ሲጀምር ምን እያደረጉ ነበር? ምን ያህል ቆየ? በእኔ እምነት የነገሩ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። ሁለቱም ጥያቄዎች የግፊት መለኪያ ሳይፈለግ እቤት ሊጠየቁ ይችላሉ። ሂሳብም የላቸውም።

የጆሮ ጠጠር

አክስቴ ሽምብጥ ነው የምትኖረው። ሰባ አልፏታል። አንድ ማለዳ ለኪዳን ልትነሣ ነጠላዋን ለማንሣት ወደ ቀኝ ዞር ስትል፣ አልጋው ማዕበል እንደመታው የዘጌ ጀልባ ተነሣባት። «ተገለበጥኩ እኮ!» ብላ የአልጋውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨበጠች። አንድ ደቂቃ አልሞላም፣ ቆመ። ማቅለሽለሹ ግን እስከ ረፋድ አልለቀቃትም። ከዚያ በኋላ ልብስ ልታሰጣ ቀና ስትል ያው ነገር። ጫማዋን ልታስር ጎንበስ ስትልም ያው ነገር። አንድ ቦታ ሄደን ግፊቷ ተለካ። ደንግጣ ስለነበር ትንሽ ከፍ ብሎ ተገኘ፣ ክኒን ታዘዘላት። ክኒኑ ስትቆም የሚጥላት ሌላ ማዞር ጨመረላት። ሦስት ወር እንዲህ ሄደ። በዚያ ሁሉ ጊዜ «ሲጀምርሽ ምን እያደረግሽ ነበር?» ያላት አልነበረም። እኔም ራሴ አልጠየቅኋትም።

ውስጠኛው ጆሮ ከመስማት ሌላ ሚዛን የመጠበቅ ሥራም አለው። በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች የራስን መዞር ይለካሉ። ከእነሱ አጠገብ ባለች ትንሽ ከረጢት ውስጥ እጅግ ጥቃቅን የካልሲየም ካርቦኔት ጠጠሮች ተለጥፈው ይገኛሉ። ዕድሜ ሲገፋ ጠጠሮቹ ይላላሉ። አንዳንዶቹ ይላቀቁና ወደ ቱቦው ይገባሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋለኛው። ራስ ሲያዘነብል ጠጠሩ ይንከባለላል፣ ፈሳሹንም ይገፋል። አንጎል «እየዞርክ ነው» የሚል የሐሰት ወሬ ይደርሰዋል። ጠጠሩ ሲያርፍ ማዞሩም ያርፋል።

ሐኪሞች ይህን ቢፒፒቪ ይሉታል። አረጋውያን ላይ ነገር ሁሉ እንዲሽከረከር ከሚያደርጉት ምክንያቶች ዋነኛው ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ከአንድ ደቂቃ በታች የሚቆይ፣ አልጋ ላይ በመገላበጥ፣ ቀና ወይም ጎንበስ በማለት የሚቀሰቀስ፣ ጆሮን የማያደነቁር። ለማረጋገጥ የራስ ቅል ፎቶ አያስፈልግም። ሐኪሙ በሽተኛውን አልጋ ላይ አስቀምጦ ራሱን ወደ አንድ ወገን ያዞርና ቶሎ ወደ ኋላ ያስተኛዋል። ከዚያ ዓይኑን ያያል። ጠጠሩ በዚያ ወገን ካለ ዓይኑ በራሱ ጊዜ መርገብገብና መሽከርከር ይጀምራል። ይህ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1952 ካስተዋወቁት ከማርጋሬት ዲክስና ከቻርልስ ሆልፓይክ ስም ዲክስ ሆልፓይክ ይባላል።

ሕክምናው ደግሞ ክኒን የለውም። አሜሪካዊው የጆሮ ሐኪም ጆን ኤፕሊ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው ዘዴ፣ ራስን ደረጃ በደረጃ እያዞሩ ጠጠሩን ወደ መጣበት ከረጢት መመለስ ይቻላል። ጠጠሩ በቀኝ ጆሮ ከሆነ ራስ ወደ ቀኝ 45 ዲግሪ ዞሮ በጀርባ መተኛት፣ ከዚያ ራስን ወደ ግራ ማዞር፣ ቀጥሎ በግራ ጎን ተኝቶ ፊትን ወደ ወለሉ ማድረግ፣ በመጨረሻ ቀስ ብሎ መቀመጥ። በእያንዳንዱ ላይ 30 ሰከንድ ገደማ፣ ወይም ማዞሩ እስኪቆም መቆየት ነው። ብዙ ሰው በአንድ ሁለት ጊዜ ይሻለዋል። የመጀመሪያውን የሚያውቅ ባለሙያ ቢሠራው ይሻላል፣ በተለይ አንገት ወይም ወገብ ለሚያማቸው። ከወራት በኋላ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ሲመለስም ያው ዘዴ ይሠራል።

የጆሮን ሚዛን ካጠኑት ቀደምቶች አንዱ ሮበርት ባራኒ ናቸው። የበሽተኛ ጆሮ በቀዝቃዛ ውኃ ሲታጠብ ሰውየው እንደሚዞርበት አስተውለው፣ ከዚያ ተነሥተው ብዙ አወቁ። እ.ኤ.አ. የ1914ቱን የኖቤል ሽልማት ያገኙት በሩሲያ የጦር ምርኮኛ ሳሉ ነበር። በጣና ሲዋኝ ወይም በማለዳ ጠበል ሲጠመቅ ጆሮው ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ ገብቶ ለአፍታ የዞረበት ሰው ካለ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው። የሚያስደነግጥ አይደለም።

ሲቆሙ የሚወርድ ግፊት

«ግፊት ነው» የሚለው ሰፈርተኛ አንዳንዴ እውነት አለው፣ ግን በተቃራኒው። ከፍ ያለ ግፊት ብዙውን ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚኖረው። የሚያዞረው የወረደው ነው። ስንቆም ደም ወደ እግር ይወርዳል። ጤናማ ሰውነት ደም ሥሩን አጥብቦ፣ ልቡን ፈጠን አድርጎ ያስተካክለዋል። በዕድሜ፣ በስኳር በሽታና በመድኃኒት ይህ ማስተካከያ ይዘገያል። ያኔ ዓይን ጭልም ይላል፣ ጉልበት ይከዳል።

በሕክምና ልኩ የታወቀ ነው። ከቆሙ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ግፊት በ20፣ ወይም የታችኛው በ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከወረደ ችግር አለ። ስለዚህ አረጋዊን ተቀምጦ ብቻ መለካት ግማሽ ሥራ ነው። ተኝተው፣ ከዚያም ቆመው ይለኩ።

እዚህ ላይ መድኃኒት ትልቁን ድርሻ ይይዛል። ሽንት የሚያሸናው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ሌሎቹ የግፊት ክኒኖች ኢናላፕሪልና ኒፌዲፒን፣ ለእንቅልፍና ለሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ ማረጋጊያው ዳያዜፓም፣ ሁሉም ሊጥሉ ይችላሉ፣ ሲደራረቡ ደግሞ ይብሳል። ግሊበንክላሚድ የሚውጥ የስኳር በሽተኛ ምግብ ሲያልፈው ስኳሩ ወርዶ ያዞረዋል፣ ያልበዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል። ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ጄንታማይሲንና ድሮ ለቲቢ በስፋት ይሰጥ የነበረው የስትሬፕቶማይሲን መርፌ የጆሮን ሚዛን እስከ መጨረሻው ሊያበላሹ ይችላሉ። ለማዞር ተብሎ የሚሰጠው ሲናሪዚን እንኳ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ በአረጋውያን ላይ መንቀጥቀጥና መገተር ያመጣል። ወደ ሐኪም ሲሄዱ እቤት ያለውን ክኒን ሁሉ፣ ከጎረቤት የተዋሱትን ጨምሮ፣ በአንድ ፌስታል ይዞ መሄድ ነው። በራስ ሥልጣን ማቋረጥ ግን ሌላ ጣጣ ነው።

ሌሊት ሽንት ሲመጣ ከአልጋ ዘሎ መነሣት አይበጅም። መጀመሪያ መቀመጥ፣ እግርን ጥቂት ማወዛወዝ፣ ከዚያ አንድ ነገር ይዞ መቆም። ቀን ላይ ውኃ መጠጣት፣ በተለይ የባሕር ዳር ሙቀት በሚያይልበት ጊዜ። ጠላና አረቄ ደም ሥርን ስለሚያላሉ ነገሩን ያብሱታል።

ጾምና ስግደት

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ብዙ አረጋውያን እስከ ቀኑ 9 ሰዓት እህል ውኃ አይቀምሱም። በዚያ ላይ የጠዋት የግፊት ክኒን፣ በዚያ ላይ ረጅም ቅዳሴ ቆሞ መስማት። ዓይን ቢጨልም አይገርምም። የስቅለት ዕለት ስግደት ደግሞ ለጠጠሩ የተመቸ ነው፦ ጎንበስ ቀና፣ ጎንበስ ቀና። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን አታስጨንቅም። የንስሐ አባትን ማማከር፣ ሐኪምንም ክኒኑ በምን ሰዓት እንደሚወሰድ መጠየቅ ይቻላል። ሁለቱ እንዳይገናኙ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ የሽማግሌው ይሉኝታ ነው።

ዓይን፣ እግርና መብራት

አንጎል ሚዛንን የሚጠብቀው ከሦስት ቦታ ወሬ እየሰበሰበ ነው፦ ከጆሮ፣ ከዓይን፣ ከእግር መዳፍ። አንዱ ቢደክም ሁለቱ ይሸፍኑለታል። በእርጅና ግን ሦስቱም አብረው ይደክማሉ። የዓይን ሞራ አለ፣ በክልላችን ብዙዎችን የጎዳው ትራኮማ አለ፣ በስኳር የደነዘዘ እግር አለ። ቀን ቀን ደህና የሚራመዱ አዛውንት መብራት ሲጠፋ ግድግዳ የሚዳስሱት ለዚህ ነው። ዓይናቸው ሲጋረድ የቀረው አልበቃቸውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ከመርፌ ይልቅ የሞራ ቀዶ ሕክምና፣ የማያንሸራትት ጫማ፣ ማታ የእጅ ባትሪ ከራስጌ ይጠቅመዋል።

ሌሎችም አሉ። ለሰዓታት የሚቆይ፣ ከጆሮ ጩኸትና ከመስማት መቀነስ ጋር የሚመጣው የሜኒየር በሽታ ነው። ለቀናት የማይለቀው የሚዛን ነርቭ መቆጣት ሊሆን ይችላል። ደም ማነስም እውነት ነው፤ ነገር ግን በአረጋዊ ላይ ሲገኝ የብረት ክኒን ሰጥቶ ከመሸኘት በፊት ደሙ የት እንደሚሄድ መፈለግ አለበት። የሕመም ማስታገሻ ያቆሰለው ጨጓራ ሊሆን ይችላል፣ ደም የሚመጥ የአንጀት ትልም ሊሆን ይችላል። ያለ ማስጠንቀቂያ ድንገት ራስን አስቶ የሚጥል ደግሞ የልብ ምት ችግር ሊሆን ስለሚችል የልብ ምርመራ ይፈልጋል።

ጊዜ የማይሰጠው

ማዞሩ በድንገት መጥቶ ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ አንደበት ከተኮላተፈ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ወይም ሰውየው ያለ ድጋፍ መቆም ካቃተው፣ ስትሮክ ነው ብሎ መነሣት ነው። ኃይለኛ አዲስ ራስ ምታትም እንዲሁ። ሎሚም ዳማ ከሴም ይቆዩ። «ትንሽ ይረፉ፣ ይለቃቸዋል» አይባልም። ባጃጅም ይሁን አምቡላንስ፣ ቀድሞ በተገኘው ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ነው። መቼ እንደጀመረ ሰዓቱን መያዝ አይረሳ፤ ሐኪሞቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።

መውደቅና ምርኩዝ

በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች በየዓመቱ ከ28 እስከ 35 በመቶው ይወድቃሉ። የተሰበረ ዳሌ ወጌሻ የሚያቃናው አይደለም። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ አንዴ የወደቀ ሰው መፍራቱ ነው። «አልወጣም» ይላል፣ ይቀመጣል፣ እግሩ ይሰንፋል፣ የሰነፈ እግር ደግሞ ይጥለዋል። በየቀኑ ትንሽ መራመድ፣ ወንበር ይዞ መነሣትና መቀመጥ ሚዛንን መልሶ ያሠለጥናል። የክረምት ጭቃ ያለበት ደረጃና የሚንሸራተት ምንጣፍ ግን ይነሡ።

ምርኩዝም ይረዳል፤ እጅ አንድ ነገር ሲነካ አንጎል ተጨማሪ ወሬ ያገኛል። አክስቴ ጠጠሯ በኤፕሊ ዘዴ ተመልሶላት ግፊቷም እንደገና ተለክቶ ክኒኑ ከተነሣላት በኋላ «ምርኩዝ ያዢ» ብንላት እምቢ አለች። «የጃጁ ሰዎች ዕቃ ነው፣ ሰው ምን ይለኛል?» እሑድ እሑድ ግን ቅዳሴ ላይ መቋሚያዋን ተደግፋ ሦስት ሰዓት ትቆማለች። እሱ ምርኩዝ አይደለማ። አሁን መቋሚያውን ከአልጋዋ ራስጌ አቁመንላታል። ሌሊት ስትነሣ የምትይዘው እሱን ነው።