በሯጭ ዓይን የታየ ሸርተቴ

በጥር ወር ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ደብረ ማርቆስ በምዘወትርበት ቡና ቤት፣ የእግር ኳሱ ሰዓት እስኪደርስ ቴሌቪዥኑ የበረዶ ሸርተቴ ውድድር ያሳያል። ድምፁ ስለሚቀነስ ማብራሪያውን የሚሰጠው ተስተናጋጁ ነው። ይህን የአልፓይን ሸርተቴ፣ ማለትም ከተራራ ቁልቁል የሚወረድበትን፣ የውድድር ዘመን ከተከታተልሁ ዓመታት ቢሆኑኝም እስካሁን ዝም ብዬ አዳምጥ ነበር። የሯጭ አገር ልጆች ነንና ፍርዳችን ሁሉ ከሩጫ የተወሰደ ነው፤ ሸርተቴ ላይ ደግሞ አይሠራም።

«ቁልቁለቱ ይወስደዋል፤ ምን ድካም አለው?»

ይህን ያለው የጭነት መኪና ሹፌር መሆኑ ነው የገረመኝ። ከደጀን ተነሥቶ ጭነት እንደያዘ አባይ በረሃን የወረደ ሰው፣ ቁልቁለት ላይ የሚያደክመው መሄዱ ሳይሆን መያዙ እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቃል። ኦስትሪያ ኪትዝቡኤል ውስጥ ያለው ሽትራይፍ የተባለ መንገድ ርዝመቱ 3.3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያች ርቀት 860 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። ኦስትሪያዊው ሸርታቴ ተወዳዳሪ ፍሪትዝ ሽትሮብል እ.ኤ.አ. በ1997 በ1 ደቂቃ ከ51.58 ሰከንድ ጨርሶታል። ስዊዘርላንድ ቬንገን ላይ ደግሞ ፈረንሳዊው ዮሃን ክላሬ እ.ኤ.አ. በ2013 በሰዓት 161.9 ኪሎ ሜትር ሲበር ተመዝግቧል። ይህን ፍጥነት ይዞ መታጠፍ አለ። ካሜራው ሲቀርብ ጭኑን ተመልከቱ፤ የሸርተቴው የብረት ጠርዝ መሬቱን ሲፍቅ ጭኑ እንደ ወፍጮ ቤት ወለል ይንቀጠቀጣል። ይህን ለሹፌሩ ብነግረው ጥቂት አሰበና «ፍሬኑ እግሩ ነዋ!» አለኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም።

«ቢወድቁስ ምን ይሆናሉ? በረዶው ጥጥ አይደል?»

እዚህ ላይ ጥፋቱ በከፊል የቋንቋችን ነው። ክረምት ቆርቆሮ የሚደበድበውንም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚጋገረውንም፣ እንደ ዱቄት እየበነነ የሚወርደውንም በአንድ ቃል «በረዶ» ብለን እንገላገለዋለን። የውድድሩ ሜዳ ለሁለተኛው ይቀርባል። ብዙ ጊዜ በማሽን የተሠራ ነው፤ አዘጋጆቹም ውሃ አጠጥተው እንደ ድንጋይ እንዲጠጥር ያደርጉታል። ለስላሳ ቢሆን የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዎች ያርሱትና ለኋለኞቹ የሚቀረው ቦይ ብቻ ነው።

«ዘንጉን ነካው፤ ወጣ!» አልወጣም። በስላሎም፣ ማለትም በተቀራረቡ ዘንጎች መካከል እየተጠማዘዙ በሚወረድበት ዘርፍ፣ ዘንጉን በቅልጥምና በእጅ መከላከያ እየመቱ ማለፍ ሙያ ነው። የሚያስወጣው የሁለቱ ሸርተቴዎች ጫፍና ሁለቱም እግሮች ዘንጎቹ የሚያመለክቱትን የበር መስመር አለማለፋቸው ነው።

«ብቻውን እየወረደ ማንን ቀደመ?»

ሰዓቱን። በሩጫ ተፎካካሪህ ትንፋሹ ይሰማሃል፤ እዚህ ግን ቀድሞህ የወረደው ሰው ታች ቆሞ ያይሃል። ልዩነቱ የሚለካው በመቶኛ ሰከንድ ነው፤ ያም አንዳንዴ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2014 ሶቺ ኦሊምፒክ ላይ ስሎቬናዊቷ ቲና ማዜና ስዊዘርላንዳዊቷ ዶሚኒክ ጊዚን ሁለቱም 1 ደቂቃ ከ41.57 ሰከንድ ገብተው ሁለቱም ወርቅ ወሰዱ። በስላሎምና ዘንጎቹ በሚራራቁበት በጃይንት ስላሎም ሁለት ዙር ስላለ የሁለቱ ሰዓት ይደመራል። በሁለተኛው ዙር መጀመሪያ የሚወርደው በመጀመሪያው 30ኛ የወጣው ነው፤ አንደኛው መጨረሻ ላይ፣ ሌሎቹ ባረሱት መንገድ ይወርዳል። «ለምን ደካሞቹን ያስቀድማሉ?» ለሚሉ መልሱ ይኸው ነው።

«ብዙ ያሸነፈ እሱ ነው ሻምፒዮኑ»

ከሁሉም የከበደኝ ይህን ማስረዳት ነው። የዓለም ዋንጫው የአንድ ቀን ድግስ አይደለም። ብዙውን ጊዜ እኛ «በጥቅምት አንድ አጥንት» በምንልበት ሰሞን ኦስትሪያ ሶልደን ላይ ይከፈትና መጋቢት አጋማሽ ገደማ፣ ሁዳዴ ሳይፈታ ያበቃል። በየውድድሩ አንደኛ 100፣ ሁለተኛ 80፣ ሦስተኛ 60 እየተባለ እስከ 30ኛው ድረስ ነጥብ ይሰጣል። ከሁሉም ፈጣን በሆነው በዳውንሂል፣ በፍጥነት ከእሱ ቀጥሎ በሚመጣው በሱፐር ጂ፣ በጃይንት ስላሎምና በስላሎም የተገኘው ተደምሮ የበለጠው የዘመኑን ዋንጫ፣ ትልቁን የክሪስታል ሉል፣ ይወስዳል።

ታዲያ ስዊድናዊው ኢንገማር ስቴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1979 በተጠናቀቀው ዘመን 13 ውድድር አሸንፎ በአጠቃላይ ደረጃ አምስተኛ ወጣ! ዳውንሂል የማይወርድ ሰው ነበር፤ በዚያን ጊዜ ደንብ ደግሞ ከየዘርፉ የሚቆጠረው ውጤት የተገደበ ስለነበር ከተወሰነው በላይ ማሸነፉ ለሉሉ አልጠቀመውም። ዘውዱ ሁሉንም ለሚሞክረው ለስዊዘርላንዳዊው ፒተር ሉሸር ሆነ። እኔ በበኩሌ እስካሁን ለስቴንማርክ እቆጫለሁ። አሜሪካዊቷ ሚካኤላ ሺፍሪንም 100ኛ ድሏን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ጣሊያን ውስጥ ብታገኝም፣ በዚያው ዘመን ተጎድታ ሳምንታት ስላመለጧት ትልቁን ሉል የወሰደችው ጣሊያናዊቷ ፌዴሪካ ብሪኞኔ ናት።

«የእኛው ሮቤልም ይህን ነበር የሚወዳደረው»

ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል፤ በ2010 ቫንኩቨርም ተሰልፏል። የእሱ ግን አገር አቋራጭ ሸርተቴ ነው፤ አቀበቱንም ሜዳውንም በራስ ጉልበት መግፋት፣ ማለትም ለሩጫ የሚቀርበው። በዚህኛው በአልፓይን እ.ኤ.አ. በ2018 ፒዮንግቻንግ ላይ የወረደው ለኤርትራ የተሰለፈው ሻነን አቤዳ ነው።

«ጮቄ እያለልን ለምን እዚህ አይዘጋጅም?»

ከፍታ ብቻውን በረዶ አያመጣም። ጮቄ 4,000 ሜትር ቢያልፍም ያለነው ለምድር ወገብ ቅርብ ነው፤ ሌሊት የጣለው ውርጭ ፀሐይ ስትወጣ ይረግፋል። የሽትራይፍ መነሻ እኮ 1,665 ሜትር ላይ ነው፤ እኛ ቡና የምንጠጣበት ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። መጨረሻው ደግሞ 805 ሜትር። ይህን ስናገር ሹፌሩ ስኒውን አስቀመጠ፤ «ከአባይ ድልድይም በታች?» አለ። አዎ፣ ከአባይ ድልድይም በታች።