ቤንዚኑን ተዉትና ኮንታክቱን እዩ

አሮጌ መኪና ደንገጎ ዳገት ላይ ሲያንኳኳ፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲንቀጠቀጥ፣ ጠዋት በስንት ልመና ሲነሳ፣ ከድሬ እስከ ሐረር መልሱ አንድ ነው፦ «የዛሬ ቤንዚን ለአሮጌ መኪና አይሆንም።» ኮፈኑ ሳይከፈት ፍርዱ ያልቃል። መካኒኩም ስለሚገላግለው ራሱን ይነቀንቃል፤ ባለመኪናውም ጥፋቱ ከሱ ስላልሆነ ደስ ይለዋል።

በዚያው ቀን ከዚያው ማደያ የቀዱት ሌሎች መኪኖች ሳይቸገሩ እየሄዱ የእናንተ ብቻ ከታነቀ፣ ቤንዚኑ ምን አደረገ? ጥርጣሬ ካለ ለማጣራት አምስት ብር አያስወጣም። ከታንኩ ሥር ትንሽ ቤንዚን በንጹሕ ብርጭቆ ቅዱና ግማሽ ሰዓት አስቀምጡት። ውሃ ካለበት ከሥር ለብቻው ይዘቅጣል። ከዚያ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉ። ንጹሕ ቤንዚን በደቂቃዎች ተኖ ወረቀቱን እንደነበረ ይተወዋል፤ ናፍታ ወይም ላምባ የገባበት ግን ቅባታም ክብ ያስቀራል። ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የተገዛ ከሆነ ይህን ሳታደርጉ ወደ ታንክ አትገልብጡ። ፈተናውን ካለፈ ግን ስለ ቤንዚን ማውራት ይብቃ።

«ኦክቴኑ አነሰ» የሚሉት ደግሞ አሉ። ኦክቴን የጉልበት መለኪያ አይደለም፤ ቤንዚኑ ሲታመቅ ያለጊዜው እንዳይፈነዳ የሚያሳየው ትዕግሥት ነው። ትዕግሥተኛ ቤንዚን የሚፈልገው አጥብቆ የሚያምቅ ሞተር ነው። ሐረር ፈረስ መጋላ የሚሰለፉት ፔጆ 404ዎች በ1960 እ.ኤ.አ. መመረት የጀመሩ ናቸው፤ የካርቡረተር ሞተራቸው የሚያምቀው ከ7 እስከ 8 እጥፍ ገደማ ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ መኪኖች ከ10 እጥፍ በላይ ያምቃሉ። የተራው ቤንዚን ኦክቴን አንሶ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚጮኹት አዳዲሶቹ ነበሩ። በዚያ ላይ ከፍታው ለእኛ ያደላል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር 1,885 ሜትር ላይ ናቸው፤ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር የአየሩ ግፊት ድሬ ላይ 13፣ ሐረር ላይ 20 በመቶ ያህል ያንሳል። ወደ ሲሊንደር የሚገባው አየር ሲሳሳ የማንኳኳት ዕድሉም ይቀንሳል።

ታዲያ ለምን ያንኳኳል? አብዛኛውን ጊዜ ታይሚንጉ (ካንዴላው እሳት የሚረጭበት ቅጽበት) ቀድሞ ነው። ቀጥሎ የሚጠረጠረው ቴስታታው (የሞተሩ ክዳን) ውስጥ የተጋገረ ጥላሸት ነው፤ ከዚያ አየር በሚያስገባው ማኒፎልድ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) በኩል የሚሾልክ አየር።

በኮንታክት (እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን በሚያስነሳ ማብሪያ) የሚሠራ ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍል ዕቃ) ላይ ታይሚንግ ከመንካታችሁ በፊት የኮንታክቱን ክፍተት ለኩ፤ 0.4 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ የመኪናው መጽሐፍ ሌላ ካለ መጽሐፉ ይቅደም። ቅደም ተከተሉ የሚገለበጥ አይደለም። ክፍተቱ ሲሰፋ ኮንታክቱ ቀድሞ ስለሚከፈት ታይሚንጉም አብሮ ይቀድማል፤ ኮንታክቱን የሚገፋው ትንሽ ፕላስቲክ ተበልቶ ክፍተቱ ሲጠብ ደግሞ ይዘገያል። የዘገየ ሞተር ጉልበት ያጣል፣ ይግላል፣ ቤንዚን ይጠጣል። «ቤንዚኑ ውሃ ሆኗል» የሚባለው ሞተር በአብዛኛው ይኸው ነው።

ክፍተቱ ከተስተካከለ በኋላ ስትሮብ (የታይሚንግ መብራት) ባይኖርም በአንዲት 12 ቮልት አምፖል ይሠራል። አንዱን ሽቦ ከኮይሉ (ቮልቱን ከሚያሳድገው ዕቃ) ወደ ዲስትሪቢዩተር በሚሄደው ቀጭን ሽቦ ጫፍ፣ ሌላውን ከቦዲ አስሩ። ቁልፉን ክፈቱ፣ ካንዴላዎቹን ፍቱ፣ አንደኛው ሲሊንደር በእመቃ ላይ ሳለ ሞተሩን በእጅ እያዞራችሁ የታይሚንግ ምልክቱ ላይ አቁሙት። ዲስትሪቢዩተሩን ፈታ አድርጋችሁ በቀስታ አዙሩ፤ ኮንታክቱ ተከፍቶ አምፖሉ ቦግ የሚልባት ነጥብ እሷ ናት። ለዲስትሪቢዩተሩ ቫኪዩም የሚስበውን ቱቦም በካርቡረተሩ በኩል ነቅላችሁ በአፍ ሳቡትና ጫፉን በምላስ ድፈኑት፤ ስቦ ካልያዘ ውስጡ ያለው ስስ ጎማ ተቀዷል። ያ ማለት ሁለት በሽታ ነው፦ ታይሚንጉ በጊዜው አይቀድምም፣ ሚኒሞውም አየር ይስባል።

«ድሬ ደህና ነበር፣ ሐረር ሲወጣ ተበላሸ» ለሚሉት፦ አልተበላሸም። ካርቡረተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደ ቆላው ይለካል፣ ስለዚህ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል። ሐረማያ ሲደርስ ካንዴላው በደረቅ ጥላሸት የሚጠቁረውም ለዚህ ነው። ጉልበትም በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ይህን ጋራዥ አይመልሰውም። የሚገርመው ግን ለጉልበት ብሎ ጄቱን (የካርቡረተሩን የቤንዚን መለኪያ) በመርፌ ወይም በመሰርሰሪያ የሚያሰፋ ሰው ነው። ጄት በመቶኛ ሚሊሜትር የተለካ ቀዳዳ ነው፤ አንዴ ከሰፋ መልሶ የሚጠብ የለም፣ አዲስ መግዛት ነው። ሐረር ለሚኖር መኪና እንዲያውም አንድ ቁጥር ጠበብ ያለ ጄት ይሻላል።

በዚሁ በሳሳ አየር ሳቢያ ጤነኛ ሞተር ይፈረድበታል። መጽሐፉ 10 ባር እመቃ የሚል ሞተር ሐረር ላይ 8 ባር ቢያሳይ «ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል» ብሎ ማስፈታት ገንዘብ መጣል ነው። አራቱን ካንዴላ አውጥታችሁ፣ የነዳጅ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ ለኩ፤ መታየት ያለበት በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከ15 በመቶ በላይ ወደኋላ የቀረ ካለ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምራችሁ ደግማችሁ ለኩ። ከፍ ካለ ፋሻ፣ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ነው።

«እርሳስ ያለው ቤንዚን ስለጠፋ ነው» የሚሉም አሉ። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች እርሳስ ያለው ቤንዚን ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ አይሸጥም። ጉዳቱ ቢኖር የሚታየው በቫልቭ መቀመጫ መበላት ነው፤ ሲበላ ደግሞ የቫልቩ ክፍተት ይጠባል። በ404 ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የመግቢያው 0.10፣ የመውጫው 0.25 ሚሊሜትር ነው። ለክታችሁ ያው ከሆነ እርሳሱ ምን በደለ? ለምትኩ ብሎ ቤንዚን ውስጥ የሞተር ዘይት መጨመር ከድሮው ሁለት ስትሮክ ባጃጅ የመጣ ልማድ ነው፤ አራት ስትሮክ ሞተር ላይ ካንዴላ ከማጨማለቅና ኦክቴን ከማውረድ በቀር ጥቅም የለውም።

ቴርሞስታቱን (ውሃው እስኪሞቅ ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚይዘውን) «ድሬ ሞቃት ነው» ብሎ አውጥቶ መጣል? መልሱት፤ ሞተሩ የሥራ ሙቀቱ ላይ ቶሎ ካልደረሰ ጥላሸት ይሠራል።

የቆመው ሞተር ደግሞ «የቤንዚን ፓምፑ ሞተ» ይባላል። ቀን 8 ሰዓት ላይ ድሬ ሳቢያን ሰፈር ቆሞ ሩብ ሰዓት ያረፈ መኪና አልነሳ ቢል፣ ማታ ግን እንደ አዲስ ከተነሳ ፓምፑ አልሞተም። ቤንዚን ከ40 ዲግሪ በታች ጀምሮ መትነን የሚችል ፈሳሽ ነው፤ ሞተሩ ሲቆም ሙቀቱ ወደ ፓምፑና ወደ ቱቦው ይወጣል፣ ፓምፑም በፈሳሽ ፋንታ እንፋሎት ይገፋል። እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ አድርጉ፤ የጋለው የጭስ ማኒፎልድ ላይ ግን ውሃ እንዳይነካ፣ ይሰነጠቃል። ለዘለቄታው ቱቦውን ከማኒፎልዱ አርቁ፣ ሙቀት በማያስተላልፍ ነገር ጠቅልሉት፣ ከካርቡረተሩ ሥር ያለው ወፍራም መከላከያም እንዳለ እዩ። ብዙ ጊዜ ካርቡረተር የፈታ ሰው «ትርፍ ነው» ብሎ ሳይመልሰው የቀረ ዕቃ እሱ ነው።